በአሮጌ ባለብዕር ፕሎተር የመስመር ሥዕል አሠራር፦ የረር ተራራን በኤ4 ወረቀት ላይ ማስፈር

ከምኖርበት የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም መስኮት በስተምሥራቅ ሲመለከቱ የረር ተራራ ጠዋት ጠዋት ከጭጋጉ ወጥቶ ይታያል። ይህ መመሪያ ያንን ተራራ በከፍታ መስመሮች (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በሚያያይዙ መስመሮች)፣ አርባ ዓመት ባለፈው ፕሎተርና ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በተገዛ የጄል እስክሪብቶ፣ በኤ4 ወረቀት ላይ እንዴት እንደማሰፍረው በቅደም ተከተል ያስረዳል። ተራራውን የመረጥሁት ለምሳሌ ያህል ነው፤ የብራና መጻሕፍትን ሐረግ ወይም የሐበሻ ቀሚስን ጥለት መሣል የሚሻ ሰው የሥዕሉን ዝግጅት በራሱ መንገድ ይሠራዋል እንጂ ከማሽኑ፣ ከገመዱ፣ ከብዕሩና ከወረቀቱ ጋር የሚያገናኘው ሥራ ያው ነው።

ፕሎተር እንደ ፕሪንተር ነጥብ በነጥብ እየደረደረ አያትምም፤ ብዕር ጨብጦ፣ ወረቀቱ ላይ አሳርፎ፣ መስመሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው ይጎትታል። ስለዚህም ጥላ፣ በቀለም የተሞላ ቦታና ፎቶግራፍ አያውቅም፤ የሚያውቀው ብዕር ማንሣትን፣ ብዕር ማውረድንና ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላው መሄድን ብቻ ነው። በእኔ ልምድ ከዚህ ማሽን ጋር የሚያጋጥመው ችግር ከሞላ ጎደል ምንጩ አንድ ሲሆን፣ እርሱም የአንዱ ከሌላው ቀድሞ መሮጥ ነው። ኮምፒውተሩ ማሽኑን ሲቀድም፣ ብዕሩ ቀለሙን ሲቀድም፣ ባለቤቱም ሁሉንም ሲቀድም ወረቀት ይበላሻል። ከዚህ በታች የተጻፉት አብዛኞቹ እርምጃዎች ይህን መቀዳደም ለማስቀረት የታሰቡ ናቸው።

መሣሪያው የቆየ ታሪክ አለው። ካልኮምፕ 565 የተባለው ባለከበሮ ፕሎተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ ጌኦርግ ኔስ በፕሎተር የሠራቸውን ሥዕሎች በጀርመን ሽቱትጋርት ከተማ ለሕዝብ ያሳየው በ1965 ነው፤ በቡዳፔስት ተወልዳ በፓሪስ የኖረችው ቬራ ሞልናርም ከ1968 ጀምሮ መስመሮቿን በኮምፒውተር ስታሠራ ኖራለች። እዚህ የምመለከተው ግን ከዚያ በኋላ የመጣውን፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ትውልድ፣ በተለይም ሒውሌት-ፓካርድ በ1983 ያወጣውን ባለስድስት ብዕር 7475ኤ ነው። በ1990ዎቹ ትልልቅ የኢንክጄት ማተሚያዎች ቦታቸውን ስለ ወሰዱባቸው እነዚህ ማሽኖች ሳያረጁ ወደ መጋዘን ገቡ፤ ዛሬ በሕይወት የሚገኙትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ማሽኑን መምረጥና ከመግዛት በፊት መፈተሽ

በአዲስ አበባ ማተሚያ ቤቶች «ፕሎተር» ብለው ቢጠይቁ የሚያሳዩዎት የባነር ማተሚያ ወይም የስቲከር መቁረጫ ነውና፣ «ብዕር የሚይዘው፣ የድሮው» ብለው ማብራራት ይኖርብዎታል። እኔ የእኔን ያገኘሁት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አካባቢ፣ «ትልቅ ፕሪንተር» በሚል ስም ከአሮጌ ሞኒተሮች ሥር ተቀብሮ ነው። ማሽኑን ፈልጎ ላጣ ሰው አንድ አማራጭ ልጠቁም፦ ብዙዎቹ የስቲከር መቁረጫዎች በምላጩ ቦታ ብዕር ማሰር ይቻልባቸዋል፤ የሚረዱትም ቋንቋ አብዛኛውን ጊዜ ከአሮጌዎቹ ፕሎተሮች የወረሱትን ኤችፒጂኤልን ነው። ከሠፈር ማተሚያ ቤት ጋር ተስማምቶ፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ለአንድ ሁለት ሰዓት መከራየት ለጀማሪ በቂ ነው።

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ፕሎተሮች በሁለት ይከፈላሉ። እንደ 7475ኤ ያሉት ብዕሩን ወደ ጎን፣ ወረቀቱን ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሳሉ፤ እንደ ሮላንድ ዲኤክስዋይ ያሉት ግን ወረቀቱን በጠፍጣፋ ገበታ ላይ አስተኝተው ብዕሩን በሁለቱም አቅጣጫ ይወስዳሉ። ምርጫ ያለው ሰው መብራት በሚቆራረጥበት ሠፈር ባለገበታውን ቢወስድ እመክራለሁ፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ከመክፈልዎ በፊት የማሽኑን ጀርባ ይመልከቱ። አርኤስ-232 የተባለው፣ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው የድሮ ባለ25 እግር መሰኪያ ካለው መልካም ነው። ጠፍጣፋ ጥርሶች በሁለት ረድፍ የተደረደሩበት ባለ24 መስመር መሰኪያ ካዩ ግን ኤችፒ-አይቢ የተባለው የላቦራቶሪ መሣሪያዎች መገናኛ ነው፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው መቀየሪያ ከማሽኑ ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል ሌላ ቢፈልጉ ይሻላል። ቀጥሎ ብዕሮቹ የሚቀመጡበት ተሽከርካሪ መያዣ አብሮ መኖሩን፣ በውስጡም የብዕሮቹን ጫፍ የሚከድኑት ትንንሽ የላስቲክ ቆቦች አለመሰነጣጠቃቸውን ያረጋግጡ፤ ቆቡ ያለቀበት መያዣ ብዕርን በአንድ ቀን ያደርቃል።

መብራት

ይህን ክፍል በኪሳራ ነው የተማርሁት። የገዛሁትን ማሽን ቤት እንዳደረስሁ፣ አቧራውን እንኳ ሳላራግፍ ሶኬት ላይ ሰካሁትና አንድ ጊዜ «ጧ» ብሎ ጸጥ አለ። ከጀርባው ያለው የቮልቴጅ መምረጫ 120 ላይ ነበረ፤ የእኛ መብራት ደግሞ 220 ቮልት ነው። ዕድለኛ ሆኜ የተቃጠለው ፊውዙ ብቻ ነበር። ስለዚህ ማሽኑን ከመሰካትዎ በፊት መምረጫው 220 ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ በካቻቢቴ ያስተካክሉት፣ ፊውዙንም ለ220 ቮልት ተብሎ በማሽኑ ጀርባ ወይም በመመሪያው በተመለከተው ልክ ይቀይሩት። የተቃጠለ ፊውዝን በመዳብ ሽቦ መጠምጠም ለሌላ ዕቃ የተለመደ ቢሆንም እዚህ አያድርጉት፤ የሚቃጠለው ቀጣዩ ክፍል መለዋወጫ የለውም።

ፕሎተሩ የሚወስደው ኃይል ከአንድ የድሮ አምፖል ስለማይበልጥ ለኮምፒውተር የተሠራ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ሥዕሉን ለማስጨረስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል።

ማጽዳት

በግንባታ ላይ ባለ ሠፈር፣ በተለይ በበጋ፣ አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል። ወረቀቱን ከሥር የሚነዱት ሻካራ የብረት ጎማዎች ጥርሳቸው በአቧራና በወረቀት ብናኝ ሲሞላ ወረቀቱ ይንሸራተታል፤ እነዚህን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይቦርሹ። ከላይ የሚጫኑትን የላስቲክ ጎማዎች ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል በትንሹ በራሰ ጨርቅ ያብሱ እንጂ አይንከሩ። ብዕር ተሸካሚው የሚሄድበትን ሐዲድ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ በቂ ነው፤ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ማድረግ የሚያስደስታቸው ሰዎች አሉ፣ ነገር ግን ዘይቱ አቧራ ሰብስቦ ከወር በኋላ ሐዲዱን የአሸዋ ወረቀት ያደርገዋል።

ገመዱ

ለጀማሪ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንመልከተው። ዛሬ በገበያ ያሉ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች የአርኤስ-232 መሰኪያ ስለሌላቸው ከዩኤስቢ ወደ ባለ9 እግር የሚቀይር ገመድ ያስፈልጋል። ከዚያ ባለ9 እግር እስከ ፕሎተሩ ባለ25 እግር ያለውን ገመድ ግን ራስዎ ቢበይዱት ይሻላል፤ የሚያስፈልጉት አራት ሽቦዎች ብቻ ናቸው። ለ7475ኤ የባለ9ኙ 2ኛ እግር ከባለ25ቱ 2ኛ፣ 3ኛው ከ3ኛ፣ 5ኛው ከ7ኛ፣ 8ኛው ደግሞ ከ20ኛ ጋር ይገናኛል። ከበየዱ በኋላ እያንዳንዱን መስመር በቴስተር ይፈትሹ፤ የእግሮቹ ቁጥር በመሰኪያው ላይ በጣም በደቀቀ ጽሑፍ ስለተቀረጸ ከፊትና ከኋላ እያዩ መገልበጥ ቀላል ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሽቦዎች መልእክት ያመላልሳሉ፣ 5ኛው ከ7ኛ የሚገናኘው የጋራ መሬት ነው። የሥዕሉ ዕጣ የሚወሰነው ግን በአራተኛው፣ ከ20ኛው እግር በሚመጣው ሽቦ ነው። የ7475ኤ ማቆያ ማኅደር፣ ማለትም የተላከለትን ትእዛዝ እስኪሠራው የሚያቆይበት ቦታ፣ 1,024 ባይት ብቻ ይይዛል። ኮምፒውተሩ በ9,600 ቦድ (ቦድ የመላኪያ ፍጥነት መለኪያ ነው) ሲልክ በሰከንድ 960 ያህል ፊደላት ስለሚያደርስ ማኅደሩ ከአንድ ሰከንድ ብዙም ባላለፈ ጊዜ ውስጥ ይሞላል፤ ብዕሩ በዚያን ጊዜ ገና የመጀመሪያዎቹን መስመሮች እየጎተተ ነው። ፕሎተሩ «በቃኝ፣ ጠብቀኝ» የሚለው በ20ኛው እግር አማካይነት ነው። ሽቦው ከሌለ ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ያፈስሳል፣ የተረፈው ይጠፋል፣ ከአንድ ቁጥር መካከል አሐዞች ሲወድቁ ደግሞ ብዕሩ ሥዕሉን አቋርጦ ከዳር እስከ ዳር ይሠነጥቀዋል። የስሕተት መብራቱም ይበራል። ይህን ምልክት ያየ ሰው ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ ከመፍታቱ በፊት ገመዱን ይመርምር።

በርካሽ የሚሸጡ አንዳንድ የዩኤስቢ መቀየሪያዎች ዘጠኝ እግር ይኑራቸው እንጂ ከውስጥ የተገናኙት ሦስቱ ብቻ ናቸው። እኔ ሁለት እንዲህ ያሉትን ገዝቼ ሦስተኛውን ከመክፈሌ በፊት 8ኛው እግር በእርግጥ ይሠራ እንደሆነ በሱቁ ውስጥ በላፕቶፕ ፈትኜ ወስጃለሁ፤ ሻጩ ግር ቢለውም አልተቆጣም።

ከማሽኑ ጀርባ ያሉትን ደቃቅ ማብሪያዎች በመመሪያው መሠረት ለ9,600 ቦድና ለኤ4 ወረቀት ያስተካክሉ። ማሽኑ የሚያነባቸው ሲበራ ብቻ በመሆኑ ለውጥ ባደረጉ ቁጥር አጥፍተው ያብሩት።

የመጀመሪያው ፈተና

ፕሎተሩ የሚረዳው ኤችፒጂኤል ሁለት ሁለት ፊደል ያላቸው ትእዛዞች ስብስብ ነው። እዚህ እንደሚነበቡ በፊደላችን ብጽፋቸውም ወደ ማሽኑ የሚላኩት በላቲን ትልልቅ ፊደላት ነው። «አይኤን» ማሽኑን ወደ መነሻው ይመልሳል፣ «ኤስፒ» ብዕር ያስመርጣል፣ «ፒዩ» ብዕሩን ያነሣል፣ «ፒዲ» ያወርዳል፣ «ቪኤስ» ፍጥነቱን በሴንቲ ሜትር በሰከንድ ይወስናል። የርቀት መለኪያው 0.025 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ 40 አሐድ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ7475ኤ የኤ4 ወረቀት የሚሣልበት ስፋት 11,040 በ7,721 አሐድ፣ ማለትም 276 በ193 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ጠርዝ ለጎማዎቹ ይቀራል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥዕል ይልቅ አንድ ካሬ ያሠሩ። ብዕር አንድን አስመርጠው፣ ብዕሩን አንሥተው ወደ 1000,1000 ይውሰዱት፤ ከዚያ አውርደው ወደ 5000,1000፣ ወደ 5000,5000፣ ወደ 1000,5000 እና ወደ መነሻው ይመልሱት፤ በመጨረሻም «ኤስፒ0» ብለው ብዕሩን ወደ መያዣው እንዲመልስ ያድርጉ። እያንዳንዱ ጎን በማስመሪያ ሲለካ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። አንዱ ጎን ቢያጥር ወረቀቱ ይንሸራተታልና ወደ ጎማዎቹ ጽዳት ይመለሱ። አራተኛው ማዕዘን ሳይገጥም ቢቀር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የብዕሩ ነው፤ በመያዣው ውስጥ ላልቶ ይወዛወዛል።

ብዕርና ወረቀት

ለማሽኑ የተሠሩት አጫጭር ብዕሮች ዛሬ ቢገኙም አብዛኞቹ ደርቀዋል። መፍትሔው የዘመኑን እስክሪብቶ ቀፎ በአሮጌው ብዕር ቅርጽ በተሠራ ማቀፊያ ውስጥ ማስገባት ነው። ባለሦስት አውታር ማተሚያ ያለው ሰው በዚያ ያትመዋል፤ እኔ ግን አንድ አሮጌ ብዕር ይዤ በአቃቂ መንገድ ወዳለ ቶርኖ ቤት ሄድሁና ከናይለን ዘንግ ስድስት አስጠረብሁ። ቶርኖ ሠራተኛው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልኩ የትኛው ላይ ነው የማይሳተው?» ጥያቄው ትክክል ነበር። የማይሳተው ልክ ማሽኑ ከሚጨብጠው ክንፍ እስከ ብዕሩ ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። ጫፉ ቢያጥር ወረቀቱን አይነካም፤ ቢረዝም ብዕሩ ተነሥቶ በሚሄድበት ጊዜ እንኳ ይጭራል። ስለዚህ ቀፎው በማቀፊያው ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚልበትና በትንሽ ብሎን የሚታሰርበት አድርገው ያሠሩት፤ በካሊፐር ከአሮጌው ብዕር ጋር አስተያይተው ያስተካክሉት።

ተራው የኳስ እስክሪብቶ እጅ የሚሰጠውን ጫና ይፈልጋል፤ ፕሎተሩ ግን ብዕሩን የሚጫነው በጣት ክብደት እንኳ አይደለም። ስለዚህ መስመሩ ይደበዝዛል፣ ይቆራረጣል። ጄል እስክሪብቶና ጫፉ ቀጭን ማርከር ግን ሳይጫኗቸው ይጽፋሉ። የ7475ኤ ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ 38.1 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አብዛኛው የጄል ቀለም በዚያ ፍጥነት ኳሱን ተከትሎ ሊወጣ አይችልም። «ቪኤስ10» ለአብዛኞቹ ይስማማል፤ መስመሩ መካከሉ ላይ እየነጣ ከሄደ ወደ 6 ወይም 5 ዝቅ ያድርጉት። ራፒዶግራፍ የተባለው የምሕንድስና የቀለም ብዕር ያለው ሰው ከሁሉ የጠራ መስመር ያገኛል፣ ነገር ግን በደረቁ የበጋ አየራችን ጫፉ ቶሎ ስለሚደፈን ከእያንዳንዱ ሥዕል በፊት በቁራጭ ወረቀት ላይ ማስጀመር ግድ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ የቢሮው 80 ግራም ወረቀት ለፈተና እንጂ ለሥዕል አይሆንም፤ ቀለም ሲበዛበት ይጨማደዳል። ከ160 እስከ 200 ግራም ያለው ለስላሳ ወረቀት ይስማማል፤ ከዚያ የወፈረው በጎማዎቹ መካከል በቀና አይሄድም። ወረቀቱን በእጅ መቀስ ከመቁረጥ ይልቅ ማተሚያ ቤት በመቁረጫ ማሽን ያስቆርጡት፤ ጠርዙ ቀጥ ካላለ ወረቀቱ ወዲያና ወዲህ በተመላለሰ ቁጥር ይጣመማል። በክረምት ደግሞ ወረቀቱን ማሽኑ ባለበት ክፍል አንድ ቀን ያሳድሩት፤ እርጥበት ጠጥቶ የሚሰፋ ወረቀት በመጀመሪያው ብዕርና በሁለተኛው መካከል ልኩን ይቀይራል።

ተራራውን ወደ መስመር መለወጥ

የከፍታ መረጃው በነጻ ይገኛል። ኢንደቨር የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ምድርን በራዳር ስትቃኝ የተሰበሰበው ኤስአርቲኤም የተባለው መረጃ ነጥቦቹ በ30 ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ የሚታደለውም አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ በሆኑ ቅጠሎች ነው። የረር የሚገኘው «ሰሜን 8፣ ምሥራቅ 38» በተባለው ቅጠል ነው፤ ሆኖም ከ39ኛው ዲግሪ ጋር ስለሚቀራረብ ጎረቤቱን ቅጠልም አውርደው ያጣምሩ፤ አለዚያ ምሥራቃዊው ግርጌ በቢላ እንደ ተቆረጠ ሆኖ ይቀራል።

ኪውጂአይኤስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም መረጃውን ከፍተው፣ ቦታን በሜትር ወደሚለካው የካርታ ሥርዓት፣ ወደ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ይለውጡት። በዲግሪ ቢተዉት በእኛ ኬክሮስ ጉድለቱ አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ተራራው በዓይን አይዛባም፤ ነገር ግን መለኪያው በሜትር ሲሆን ስፋቱን መቁረጥ ይቀላል። 12 ኪሎ ሜትር በ8 ኪሎ ሜትር የሆነ ቦታ ቆርጠው ያውጡ፤ ይህ በወረቀታችን 276 ሚሊ ሜትር ላይ ሲያርፍ መጠኑ 1 ለ43,500 ያህል ይሆናል።

አሁን የከፍታ መስመሮቹን በስንት ሜትር ልዩነት እንደሚያወጡ መወሰን አለብዎት፤ ውሳኔው ከብዕሩ ውፍረት ጋር የተያያዘ ነው። 30 ዲግሪ በሚያህል ቁልቁለት ላይ በ20 ሜትር የሚለያዩ ሁለት መስመሮች በመሬት ላይ በ35 ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፣ በወረቀታችንም 0.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ10 ሜትር ልዩነት ቢያወጧቸው ርቀቱ ወደ 0.4 ይወርዳል፤ የብዕርዎ መስመር 0.3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ገደሉ ሁሉ አንድ ጥቁር እድፍ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ 20 ሜትር እመርጣለሁ፤ በ100 የሚካፈሉትን ከፍታዎች ደግሞ ለይቼ በሌላ ንብርብር፣ ወፈር ላለ ብዕር አስቀምጣለሁ። መስመሮቹን ከማውጣትዎ በፊት መረጃውን በትንሹ ማለስለስ ይገባል፤ 30 ሜትሩ በወረቀቱ ላይ 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሆን ያልለሰለሰ መስመር የደረጃ ቅርጽ ይዞ ይወጣል።

ውጤቱን ኤስቪጂ በተባለው የመስመር ሥዕል ፋይል ያውጡና ኢንክስኬፕ በተባለው ነጻ የሥዕል ፕሮግራም ይክፈቱት። እዚህ የሚሠራው ዋና ነገር ማስወገድ ነው፦ ሙሌት ያላቸውን ቅርጾች፣ የወረቀቱን ፍሬም፣ ተደራርበው ሁለት ጊዜ የተጻፉ መስመሮችንና ከሦስት ሚሊ ሜትር የሚያንሱ ትንንሽ ቀለበቶችን ያጥፉ። በስክሪን ላይ አንዱ በሌላው ተሸፍኖ የማይታይ መስመር በፕሎተር ላይ ይሣላል፤ ብዕሩም አንዱን ቦታ ሦስት ጊዜ ሲመላለስበት ወረቀቱ ይላጣል።

ቀጥሎ የመስመሮቹን ቅደም ተከተል ማስተካከል ያስፈልጋል። ኪውጂአይኤስ መስመሮቹን የሚያስቀምጠው ባወጣበት ተራ እንጂ ለብዕር በሚመች ተራ አይደለም፤ እንዳለ ቢላክ ብዕሩ ከአንድ ጥግ ተነሥቶ ሌላው ጥግ አንዲት ጭረት ጭሮ ይመለሳል። ቪፓይፕ የተባለው ነጻ መሣሪያ ጫፍና ጫፋቸው የሚገናኙትን መስመሮች ያጋጥማል፣ የቀሩትን በቅርበታቸው ይደረድራል፣ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ ጥቃቅን ነጥቦችን ያቃልላል፤ በመጨረሻም ለ7475ኤ በሚስማማ ኤችፒጂኤል ያወጣል። ጥቅሙን በሒሳብ ማየት ይቻላል። የሥዕሉ መስመሮች በድምሩ 40 ሜትር ቢሆኑና ብዕሩ በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሄድ ሥዕሉ ሰባት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ነገር ግን መስመሮቹ 2,000 ቁርጥራጮች ቢሆኑና ብዕሩን ማንሣትና ማውረድ ለእያንዳንዱ ሩብ ሰከንድ ቢወስድ፣ ለዚያ ብቻ ከስምንት ደቂቃ በላይ ይጨመራል። ቁርጥራጮቹ ተጋጥመው 200 ቢሆኑ ይህ ወደ 50 ሰከንድ ይወርዳል፤ የብዕር ማንሻውም ዕድሜ ይረዝማል።

ስምን በግዕዝ ፊደል መጻፍ

ማሽኑ የራሱ ፊደላት አሉት፤ ሁሉም ግን ላቲን ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው የኮምፒውተር ፊደላት መደብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ የ1983 ማሽን ባያውቀው አይፈረድበትም። የኮምፒውተራችንን ፎንት ወደ መስመር ለውጦ መላክም አያጠግብም፤ ፎንት የፊደሉን ዙሪያ እንጂ አካሄዱን ስለማይዝ «ረ» ባዶ አጥንት መስሎ በድርብ መስመር ይወጣል። የሚያዋጣው በኢንክስኬፕ የብዕር መሣሪያ እያንዳንዱን ፊደል በአንድ ነጠላ መስመር፣ እጃችን በሚጽፍበት አቅጣጫ መሣል ነው። ሁሉንም ፊደላት መሥራት የወራት ሥራ ነው፤ «የረር»ን ለመጻፍ ግን ሁለት ፊደላትና አንድ ሳድስ ይበቃሉ። እኔ ለሥዕል ርእስ ባስፈለገኝ ቁጥር የጎደለውን እየሠራሁ አጠራቅማለሁ።

ማሣል

በመጀመሪያ ብዕር ሳይኖር አንድ ጊዜ በባዶ ያስኪዱት፤ ሥዕሉ ከወረቀቱ ውጭ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም የስሕተት መብራት የሚበራ ከሆነ ያኔ ይታወቃል። የሚልከው ፕሮግራም የኢንክስኬፕ የራሱ ማስተላለፊያ ከሆነ የፍሰት ቁጥጥሩ በሽቦ የሚሠራው መሆኑን ያረጋግጡ፤ «የለም» የሚለው ላይ ከቀረ የበየዱት አራተኛ ሽቦ በከንቱ ነው።

ከዚያ ቀጭኑንና ፈዛዛውን ቀለም ያስቀድሙ፣ ጥቁሩንና ወፍራሙን ያስከትሉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ፈዛዛው ብዕር እርጥቡን ጥቁር ሲያቋርጥ በጫፉ ይዞት ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚጽፈው ሁሉ ቆሻሻ ነው። በሁለቱ መካከል አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፤ ሻይ ለመጠጣት ይበቃል፣ ግን ወረቀቱን ሳይነኩ። ብዕሩ በሚሠራበት ጊዜ ከአጠገቡ አይራቁ። ቀለም ሲያልቅ ማሽኑ አያውቅም፤ በደረቅ ብዕር ተራራውን ሁሉ በታማኝነት ይጨርሰዋል።

እያንዳንዱን ብዕር በየራሱ ፋይል አድርገው ይላኩ። መብራት ቢጠፋና ዩፒኤሱ ባይችል፣ ባለገበታው ፕሎተር ላይ ወረቀቱ በማጣበቂያ እንደ ተያዘ ስለሚቆይና መነሻውም የገበታው ጥግ ስለሆነ የተቋረጠውን ፋይል ካቆመበት መቀጠል ይቻላል። ወረቀት በሚያንቀሳቅሰው 7475ኤ ላይ ግን መብራት ሲመለስ ወረቀቱ የነበረበትን ቦታ ማመን አይቻልም፤ ለመቀጠል የሞከርሁባቸው ሥዕሎች መስመራቸው በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል ተዛንፎ የረር ሁለት ጫፍ ያለው ተራራ ሆኖ ወጥቷል። አዲስ ወረቀት መጀመር ይሻላል።

ሥዕሉ ሲያልቅ ብዕሮቹን ከማሽኑ አውጥተው በየክዳናቸው ይክደኑ፤ በመያዣው ቆቦች ላይ ተማምነው አያሳድሯቸው። የወረቀት መጫኛውን ማንሻም ወደ ላይ አድርገው ይተዉት፤ ሌሊቱን ሙሉ በብረቱ ላይ ተጭኖ የሚያድር ላስቲክ በአንድ ጎኑ ይጠፈጠፍና በሚቀጥለው ሥዕል ላይ በየዙሩ ይዘልላል። ማሽኑን የሚያለብሱት ጨርቅ ድፍን ይሁን። ባለቤቴ የእኔን ማሽን ቴሌቪዥኑን ባለበሰችው ዳንቴል ሸፍናልኝ ነበር፤ ያምራል፣ ግን የቱሉ ዲምቱ አቧራ በቀዳዳዎቹ ልክ ገብቶ በማሽኑ ላይ የዳንቴሉን ጥለት ሠርቶ አገኘሁት።